ጋቢና ሽርጥ

አጎቴ የአየር ትንበያ አይቶ አያውቅም። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዳማ ጅቡቲ ሲመላለስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። የእሱ ትንበያ ከመቀመጫው ኋላ በፌስታል ተቋጥረው የሚቀመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጋቢና ሽርጥ።

ታኅሣሥ ላይ አብሬው ልሄድ ተነሣሁ። ፓስፖርትና ቪዛዬን ይዣለሁ፣ ስልኬ ላይ ደግሞ የጅቡቲ የ10 ቀን ትንበያ አለ። እንግሊዝኛው «ዊንተር» ይላል፣ ወደ አማርኛ ሳስተረጉመው «ክረምት» አለኝ። ለማንኛውም ብዬ ዣንጥላ ያዝኩ። በታኅሣሥ ዣንጥላ አንጠልጥሎ አዳማ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እዚያ ክረምት ነው አሉ ጋሼ።»

«ክረምትማ በመስከረም አለፈ። ይልቅ ወፍራም ነገር አልያዝክም?»

አልያዝኩም። የምሄደው ጅቡቲ ነዋ!

ከንጋቱ 11 ሰዓት ስንወጣ ያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። የበጋ ነፋስ ነው። የሜትሮሎጂ ሰዎች በጋ የሚሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው፤ ያኔ ደረቁ ነፋስ በአመዛኙ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብ አገር በኩል ይመጣል፣ ሰማዩም ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት አንድም ሳያስቀር ይለቀዋል። ደጋው ላይ ውርጭ ሰብል የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ጋ ውርጩ ባይደርስም ነፋሱ አለ። ኮረብታው ላይ የተተከሉትን 136 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ላየ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። እኔን ግን ያኔ ያሳሰበኝ መብራቱ ሳይሆን ጆሮዬ ነበር። አጎቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይነዳል። እኔና ረዳቱ በቲሸርት እንንቀጠቀጣለን።

መተሐራ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። አዋሽ ላይ ጋቢው ወለቀ። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል የድሬዳዋውን ትተን የአፋሩን ያዝን፤ ገዋኔን አልፈን ሚሌ ስንደርስ ሱሪውም ወልቆ ሽርጡ ተተካ። ያው አገር፣ ያው ታኅሣሥ ነው፣ ልዩነቱ ከፍታው ብቻ። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አዳማ ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ እንግዲህ ጅቡቲ ላይ የሚጠብቃችሁን አስሉት። አጎቴ ይህን ስነግረው «እኔ እኮ በልብስ ነው የማውቀው» ብሎ ሳቀብኝ።

በነገራችን ላይ አዋሽ ወንዝ ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እስከ ድንበር ይመጣና ባህሩን ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ሎጊያ አደርን። የአፋር ሌሊት በታኅሣሥ ከቤት ውጭ የሚተኛበት ነው፣ እንደዚያ እንቅልፍ የጠገብኩበትን ቀን አላስታውስም። በማግስቱ ጋላፊ ኬላ ላይ ያለውን ወረፋ አላወራም፤ ረጅም ነው፣ በቃ።

ጅቡቲ ስንገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሙቀቱ 29 ዲግሪ ነው፣ እሱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ወበቁ ነው የሚጥለው። ቡና የጠጣንባት የአገራችን ልጅ ሹራብ ደርባ አገኘናት።

«ብርዱን እንዴት አገኛችሁት?» አለችን።

እኔ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። የቀለደች መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከምሯ ነው። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ችላ ለኖረች ሰው የታኅሣሥ ሌሊት እውነትም ብርድ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠቆረና ዘነበ! እኛ ጋ ደርቆ የሚደርሰው ነፋስ ወደዚያ ሲመጣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አልፎ እርጥበት ይይዛል። ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ካለችውም ብዙዋ ከእኛ ክረምት ውጭ ባሉት ወራት ነው የምትጥለው። አንዳንዴ ደግሞ ጉድ ይመጣል። በኅዳር 2012 የሕንድ ውቅያኖስ በአፍሪካ በኩል ከወትሮው በላይ ሞቆ በነበረበት ጊዜ ከተማዋን ጎርፍ አጥለቅልቋት ሰው ሞቷል። ስለዚህ ያ «ክረምት» የሚለው የተሳሳተ ትርጉም ሳይታሰብ እዚያ ሠራ። ዣንጥላዬን ዘርግቼ አጎቴ ፊት ሁለቴ ተመላለስኩ። እያየ ዝም አለ።

ዝናቡ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ዣንጥላውን ለባለቡናዋ ሰጥቻት ተመለስን።

መልሱ ላይ ነው ጉዱ። አዋሽ ላይ መሸ፣ ጋቢው ከፌስታል ወጣ። መተሐራን ስናልፍ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አጎቴ ዞር ብሎ አየኝ፣ ፌስታሉን ጎረጎረና ሽርጡን ወረወረልኝ።

«በል ተከናነብ፣ ክረምት ነው።»

አዳማ ሲያወርዱኝ በጣም መሽቶ ነበር። ሽርጡን እንደ ነጠላ ተከናንቤ ባጃጅ ያዝኩ። ልጁ በመስታወቱ አየኝ፣ ደግሞ አየኝ።

«ከጅቡቲ ነህ?» አለኝ።

«በምን አወቅክ?» አልኩት ጥርሴ እየተንገጫገጨ።