ጥጉ ላይ የሚገጥም የጠርዝ ጥልፍ፦ በኮምፒውተር እንዴት እንዳዘጋጀሁት

የጠርዝ ጥልፍ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥጉ ላይ ነው። መስመሩ አምሮበት መጥቶ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ቅጠሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይም መነሻና መድረሻው ሳይገናኙ ይቀራሉ። ስለዚህ ይህን ጠርዝ ስሠራ ከቅጠሉ በፊት ሂሳቡን አስቀደምኩ። የተጠቀምኩት ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫነውንና ሥዕሉን ወደ ጥልፍ ስፌት የሚቀይረውን ነጻ ፕሮግራም ኢንክስቲችን ነው። በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የትእዛዞቹ ስም ይለይበት ይሆናል እንጂ ስሌቱም ቅደም ተከተሉም ያው ነው።

ጨርቁ የሚወጠርበት የማሽኑ ፍሬም 130 በ180 ሚሊ ሜትር ነው። የሚደጋገመውን ቅርጽ፣ ማለትም አንድ የሐረግ ሞገድ ከነቅጠሉ፣ «ፍሬ» ልበለው። የአንዱ ፍሬ ርዝመት 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥጉ ቅርጽ ደግሞ 14 በ14 ነው። በአጭሩ ጎን 8 ፍሬ 96 ይሆናል፤ የሁለቱ ጥግ 28 ሲጨመርበት 124። በረጅሙ ጎን 12 ፍሬ 144፣ ከ28 ጋር 172። ከፍሬሙ ጠርዝ ግራና ቀኝ 3፣ ላይና ታች 4 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ባጠቃላይ 40 ፍሬና 4 ጥግ።

የጠርዙ መጠን አስቀድሞ ከተወሰነ ስሌቱ ይገለበጣል። ለምሳሌ 120 በ170 ቢባል፣ ጥጎቹ ተቀንሰው 92 እና 142 ይቀራል። 92 ለ8 ሲካፈል 11.5፣ 142 ለ12 ሲካፈል 11.83 ነው። የሁለቱ ፍሬዎች ልዩነት 0.33 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ፍሬውን መለጠጥ ትቼ የጥጉን መጠን እቀይራለሁ።

ፍሬው ሲሣል አንድ ግዴታ አለበት፦ ሐረጉ በገባበት ከፍታና አቅጣጫ መውጣት አለበት። ያ ካልሆነ በየ12 ሚሊ ሜትሩ ስብራት ይታያል። ኢንክስኬፕ ቅርጽን በመስመር ላይ የሚደረድር መሣሪያ አለው፤ ለክብ ጠርዝ ደህና ነው። አራት ማዕዘን ላይ ግን ጥጉ ጋ የደረሰውን ፍሬ ያጣምመዋል፣ ስለዚህ አልተጠቀምኩበትም። አንዱን ፍሬ ከጨረስኩ በኋላ ቅጂ እያወጣሁ እያንዳንዱን ልክ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ አስጠጋሁ። ቁጥሩን በመጻፍ እንጂ በማውስ በመጎተት አይሆንም፤ በማውስ የምትመጣ የ0.2 ሚሊ ሜትር ስህተት በ12ኛው ፍሬ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች። ጎኑ ሲያልቅ በ90 ዲግሪ አዞርኩት፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንድ ጥግ ተሥሎ ለአራቱም ይበቃል።

ጊዜ የወሰደብኝ የመርፌው መንገድ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን ቅጠሎቹን ሁሉ፣ ከዚያ ሐረጉን በአንድ ዙር ማሰፋት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጨርቁ እየተሰፋ ይሸሻል፤ ሐረጉ ሲመጣ የቅጠሎቹን መነሻ ከቦታው ሸሽቶ ያገኘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍሬ ብቻውን የሚያልቅ አደረግሁት። መርፌው ከፍሬው መነሻ በተራ ስፌት እስከ ቅጠሉ ሥር፣ ከዚያ በቅጠሉ መሃል እስከ ጫፉ ይሄዳል። ከጫፉ በሳቲን ስፌት፣ ማለትም ከጎን ወደ ጎን እየተመላለሰ ቅርጹን በሚሞላ ጥቅጥቅ ስፌት፣ ወደ ሥሩ ይመለሳል፣ በተራ ስፌት ወደ መነሻው ይሄዳል፣ በመጨረሻ የሐረጉን ሳቲን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይሰፋል። መመላለሱ ሁሉ ከሳቲኑ ሥር ይሸፈናል፤ መርፌውም የሚቆመው የሚቀጥለው ፍሬ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ነው። በየፍሬው ክር ቢቆረጥ 40 ጊዜ ይቆረጥ ነበር፣ 40 ቦታም ቋጠሮ ይኖር ነበር። በዚህ መንገድ ዙሪያው ሳይቆረጥ ያልቃል።

ኢንክስቲች በቅርጾች ዝርዝር ውስጥ ከታች ያለውን አስቀድሞ ይሰፋል። አዲስ ቅጂ ከላይ ስለሚቀመጥ ቅጂውን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ፍሬ ካወጡት ተራው ራሱ ይስተካከላል። ቢሆንም የስፌቱን ሂደት በስክሪን ላይ በሚያሳየው መሣሪያ አንድ ጊዜ ሙሉውን ማየት ይገባል፤ አንዷ ቅጂ ተራዋን ከሳተች ረጅም ዝላይ ሆና ወዲያው ትታያለች።

የመረጥኩት ልክ ለ40 ቁጥር ክርና ለ75/11 መርፌ ነው። የሐረጉ ሳቲን ስፋት 2 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጎን በሁለት የመርፌ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 0.4። ከሳቲኑ ሥር አስቀድሞ የሚሰፋ፣ በመሃል የሚመላለስ አንድ መስመር ይበቃዋል። ቅጠሉ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ከሥሩ ዚግዛግ ጨመርኩለት። ሳቲን ጨርቁን ወደ ውስጥ ስቦ ቅርጹን ስለሚያጠብ በየጎኑ የ0.2 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ስፋት፣ ማለትም ማካካሻ፣ ሰጠሁ፤ ለሚለጠጥ ጨርቅ ግን ይህ አይበቃም። የቅጠሉን ጫፍ እንደ መርፌ አላሾልኩትም፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ተውኩለት። የሾለ ጫፍ ስክሪን ላይ ያምራል፤ ማሽን ላይ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ ስፌቶች ተደራርበው ክሩን ይበጥሳሉ።

ወደ ጥጉ ስመጣ ሐረጉን በቀጥታ 90 ዲግሪ አላጠፍኩትም። ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች አንድ ነጥብ ላይ ይከማቹና ጨርቁን ይበሱታል። በ14 ሚሊ ሜትሩ ካሬ ውስጥ በ7 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ሩብ ክብ ሠራሁ፤ ርዝመቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚመጣ ከፍሬው ብዙም አይርቅም። ሐረጉ ወደ ጥጉ በሚገባበትና ከጥጉ በሚወጣበት ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እምቡጥ አስቀመጥኩ። ለጌጥ ይመስላል፤ እውነተኛ ሥራው ግን መጋጠሚያውን መሸፈን ነው። በየጎኑ ከሐረጉ በ0.75 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ያንን የሚያህል መዛነፍ ይደብቃል።

መነሻና መድረሻውን ያስታረቀልኝ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ስፌቱ ከአንደኛው ጥግ ቀጥሎ ባለው ፍሬ ይጀምራል፣ ሦስቱን ጥግ በየተራቸው እያለፈ አራቱን ጎን ይዞራል፣ ያ የተዘለለው የመጀመሪያ ጥግ መጨረሻ ይሰፋል። የዙሩ መዛነፍ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ የዚህን ጥግ ሩብ ክብ በሁለቱም ጫፍ በ1.5 ሚሊ ሜትር አስረዘምኩት። ከእምቡጡ ሥር ትንሽ ይወፍራል፤ ከክፍተት ግን ይሻላል።

ለሙከራ አንድ ጥግና ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ፍሬ ብቻ፣ በዚያው ጨርቅና ከጨርቁ ሥር በሚደረገው በዚያው ማጠንከሪያ ላይ ይሰፋል። በሌላ ጨርቅ የተሠራ ሙከራ ስለ ማካካሻው ምንም አይናገርም። ጨርቁ ፍሬሙ ላይ ሳይላላ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ፤ ተለጥጦ የተሰፋ ጠርዝ ከፍሬሙ ሲወጣ ይጨማደዳል። ፍጥነቱን በደቂቃ 600 ስፌት ላይ አቆየሁት።

ለማሽኑ የሚላከውን የስፌት ፋይል (ዲኤስቲ) ማሽኑ ላይ በመጠን ማሳደግ ጥሩ አይደለም። የስፌቱ ብዛት ሳይጨምር መጠኑ በ20 በመቶ ቢያድግ 0.4 የነበረው ርቀት 0.48 ይሆናል፣ በሳቲኑ መካከልም ጨርቁ ይታያል። ስለዚህ የኢንክስኬፑን የሥዕል ፋይል (ኤስቪጂ) ለብቻ አስቀምጫለሁ። ሌላ መጠን ሲያስፈልግ ወደዚያ ተመልሼ የፍሬዎቹን ብዛት እቀይራለሁ፤ አንድ ፍሬ ሲጨመር ጎኑ በ12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ጥጎቹ አይነኩም።