አንዲት ነጥብ ስትዛነፍ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በቶርኪ፣ አንዲት የሃያዎቹን ዕድሜ ያጋመሰች ሴት የመድኃኒት ቅመማ ትማር ነበር። ቀይ መስቀል በከተማው በከፈተው ሆስፒታል ቁስለኞችን ስታስታምም ቆይታ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ተዛውራለች። ለሙያ ፈተናው ለመዘጋጀት ደግሞ በከተማው ውስጥ ስም ያለው አንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ እየሄደች ትለማመዳለች። ፈተናውን ያለፈችው በ1917 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴትዮዋ በኋላ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቿ የታወቀችው አጋታ ክሪስቲ ናት፤ በዚያን ጊዜ አንድም መጽሐፍ አላሳተመችም።

አንድ ቀን ቀማሚው ሰፖዚተሪ (በፊንጢጣ የሚገባ ጠጣር መድኃኒት) ይሠራል፣ እሷ ቆማ ታያለች። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የካካዎ ቅቤ በለስላሳ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ከበዛበት መልሶ ሲረጋ አይጠነክርም፣ በእጅ ሲነካ ይለሰልሳል። ቀጥሎ መድኃኒቱ ተመዝኖ ይገባና በሁሉም ቦታ እኩል እስኪዳረስ ይዋሐዳል። ከዚያ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይፈሳል፤ ሲረጋም ሳይሰበር የሚወጣበት ደቂቃ አለ፣ ያቺን ደቂቃ የሚያውቃት የለመደ እጅ ብቻ ነው። ሰውዬው እጁ የለመደ ነበር። የተሳሳተው ሒሳቡ ላይ ነው። የአሥርዮሽ ነጥቧን አንድ ቤት አዛነፈና ብርቱውን መድኃኒት ከሚገባው አሥር እጥፍ አስገባው።

አሥር እጥፍ የበዛበት ሰፖዚተሪ በመልኩ ከደህናው አይለይም፤ ቅቤው ሁሉንም አንድ ያስመስለዋል። ስለዚህ በዚያች ክፍል ውስጥ አደጋውን የምታውቅ ብቸኛ ሰው፣ ሲመዘን ዓይኗን ሳትነቅል ያየችውና ሒሳቡን በልቧ የሠራችው ተማሪ ነበረች።

ስሕተቱ በትክክል አሥር እጥፍ የሆነበት ምክንያት አለው። በዘመኑ የእንግሊዝ መድኃኒት ቤቶች በአብዛኛው የሚመዝኑት በግሬይን፣ በስክሩፕልና በድራም ነበር። 20 ግሬይን አንድ ስክሩፕል፣ 3 ስክሩፕል አንድ ድራም፣ 8 ድራም አንድ አውንስ ይሆናል። አድካሚ ነው፤ ግን በዚያ መለኪያ ተሳስቶ ዝም ብሎ በአሥር መባዛት ይከብዳል። ቀማሚው የሚወደው በግራም የሚመዝነውን የሜትሪክ መለኪያ ነበር፤ በሜትሪክ ደግሞ የተዛነፈች ነጥብ መጠኑን ያለ ምንም ድምፅ አሥር እጥፍ ታደርገዋለች። ክሪስቲ ይህንኑ በግለ ታሪኳ አንሥታዋለች። ዛሬ በመድኃኒት ማዘዣ አጻጻፍ ላይ የሚሰጡት ሁለት ማስጠንቀቂያዎች የመጡትም ከዚህ ዓይነት አደጋ ነው። ከአንድ በታች የሆነ መጠን ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይቀድመዋል፣ 0.5 እንጂ .5 አይጻፍም። ሙሉ ቁጥር ደግሞ ነጥብና ዜሮ አይከተለውም፣ 5 እንጂ 5.0 አይጻፍም፤ ነጥቧ ከደበዘዘች አምስቱ ሃምሳ ሆኖ ይነበባል። አደገኛ መድኃኒት ሲሆን ሁለተኛ ሰው የመጀመሪያውን ሰው መልስ ሳያይ ከባዶ ያሰላል። መልሱን አይቶ «ልክ ነው» ያለ ሰው አረጋገጠ አይባልም፤ ዓይን የቀረበለትን ቁጥር ለመቀበል ቸኩሎ ነው የሚቀመጠው።

ተማሪዋ ምን አደረገች? ሰውዬው በራሱ የሚተማመን፣ ከተማሪ እርማት የሚቀበል ዓይነት እንዳልሆነ ታውቃለች። ዝም ብትል መድኃኒቱ ታሽጎ ወደ በሽተኛ ይሄዳል። «ተሳስተዋል» ብትለው አይሰማትም። የተደናቀፈች መስላ ሰፖዚተሪዎቹ የተደረደሩበትን ሰሌዳ ገለበጠችው፤ ወለሉ ላይ ሲበተኑም በእግሯ ጨፈለቀቻቸው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ቀማሚው አልተቆጣም። ከመረገጥ የተረፈች አንዷን አንሥቶ ይቺስ ደህና ናት ሲላት፣ ቆሽሻለች ብላ ሁሉንም ሰብስባ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

ይኸው ሰው አንድ ጊዜ ከኪሱ የኩራሬ ቁራጭ አውጥቶ አሳይቷታል፤ ደቡብ አሜሪካውያን አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት መርዝ ነው። ለምን ይዞት እንደሚዞር ሲነግራት፣ ኃይል እንዳለኝ ይሰማኛል አላት። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1961 የታተመውን «ዘ ፔል ሆርስ» የተባለ ልብ ወለዷን ስትጠነስስ ትዝ ያላት ይህ ሰው እንደነበረ ራሷ ጽፋለች።

ከዚህ ገጠመኝ ላይ መድኃኒት ቤቱን ብታነሡት፣ የሚቀረው ኮዚ ሚስትሪ የሚባለው የልብ ወለድ ዘርፍ አጥንት ነው። በሥራዋ ምክንያት ቦታው ላይ የተገኘች ሰው አለች። ሌላው የማያየውን የምታይበት እውቀት አላት። ያየችውን በትእዛዝ የምታስፈጽምበት ሥልጣን ግን የላትም። ደም ከመድረክ ውጪ የሚፈስበት፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ትንሽ መንደር የሚካሄድ፣ ፖሊስ ያልሆነ ሰው የሚመረምርበት ታሪክ በእነዚህ በሦስቱ ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መንደሩ የቱንም ያህል ቢያምር ታሪኩ አይጸናም።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት በመርማሪዋ ሥራ ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ወይም መጽሐፍ ሻጭ ያደርጓታል፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ግን ዳቦው ይረሳል። ቀላል መፈተኛ አለ። ሥራዋን በሌላ ሥራ ተኩትና ታሪኩን አንብቡት፤ ምንም ካልተናጋ ሥራው ጌጥ ነበር ማለት ነው። ጋጋሪ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት የማን መብራት እንደሚበራ ታውቃለች። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው እጇ የሚያውቀው ነገር ነው። ተጠርጣሪው «ሊጡን አቡክቼ አራት ሰዓት ሙሉ ወጥቼ ቆየሁ፣ ስመለስ ጋገርኩት» ብሏል እንበል። እርሾ የበዛበት ሊጥ በሞቀ ወጥ ቤት አራት ሰዓት ከቆየ ኩፍ ብሎ፣ አልፎ፣ መልሶ ወርዷል፤ ዳቦው ጠፍጣፋና ኮምጠጥ ያለ ሆኖ ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዳቦ ግን ጉብ ያለ ነው። ይህን የሚያይ የወንጀል መርማሪ ፖሊስ የለም፣ ጋጋሪዋ ግን ቢላውን ስታሳርፍበት ታውቀዋለች። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የእድር ጸሐፊ ከዚህ የማይተናነስ መርማሪ ይወጣዋል፤ ማን ቤተሰቡን እንዳስመዘገበ፣ ማን መዋጮ እንዳቋረጠ፣ ድንኳኑ በስንት ሰዓት ከመጋዘን እንደወጣ በእጁ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ አለ።

ሁለተኛው መሰናከያ ሥልጣን ወዳለው ሰው የሚያደርሰው መንገድ ነው። መርማሪዋ እውነቱን አወቀች፤ ከዚያስ? በደካማ ታሪክ ውስጥ በሌሊት ብቻዋን ለማንም ሳትናገር ወደ ገዳዩ ቤት ትሄዳለች፣ ወይም ፖሊሱ ምንም የማይገባው ሰው ይደረጋል። ሁለቱም አንባቢን ያዋርዳሉ። የተሻለው፣ ፖሊሱ በያዘው ማስረጃ ልክ እንዲሆን አድርጎ አንዲት ማስረጃ ማሳጣት ነው፤ ያቺ ማስረጃም መርማሪዋ ዘንድ ብቻ የምትገኝበት በቂ ምክንያት ይኑራት። ክሪስቲ በ1927 መጨረሻ በአጭር ልብ ወለድ ያስተዋወቀቻቸው ሚስ ማርፕል ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል መንደር የሚኖሩ፣ ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት ናቸው። ማንም አይፈራቸውም፣ ማንም አይደብቃቸውም። ክሪስቲ ከጎናቸው ያቆመችው ግን ሰር ሄንሪ ክሊተሪንግን ነው፤ የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) ኮሚሽነር የነበሩ ሰው ናቸው። በአንደኛው ታሪክ ውስጥ አንዲት ወጣት ወንዝ ውስጥ ትገኛለች። ሚስ ማርፕል ማስረጃ የላቸውም፣ ማን እንዳደረገው ግን አውቀዋል። የገዳዩን ስም በወረቀት ጽፈው ለሰር ሄንሪ ይሰጧቸዋል፤ ምርመራውን እሳቸው እንዲከታተሉት ይለምኗቸዋል። አሮጊቷ ሥልጣን አልያዙም፣ ሥልጣን ያለውን ሰው ግን ትክክለኛው በር ላይ አቆሙት። ሰሌዳውን የገለበጠችው ተማሪ ያደረገችውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ተጠርጣሪዎች ከአራት እስከ ስድስት ቢሆኑ ይበቃሉ። ከአራት ካነሱ አንባቢው በማስወገድ ብቻ ይደርስበታል፣ ከስድስት ካለፉ ስም ይምታታበታል። ገዳዩ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ፣ የዕለት ሥራውን እየሠራ መታየት አለበት። ፍንጭ ሲቀመጥ በሌሎች ተራ ነገሮች መካከል ነው፤ ጃንጥላ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የትናንት ጋዜጣ ከተባለ ዓይን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይዞ መካከለኛውን ያልፈዋል። ግን መቀመጡ ግዴታ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ ለምርመራ ልብ ወለድ በ1929 ባወጣቸው አሥር ደንቦች ውስጥ እስከ ዛሬ ያልታወቀ መርዝ መጠቀምን ከልክሏል፤ መጨረሻ ላይ ረጅም ሳይንሳዊ ማብራሪያ የሚያስፈልገውን መሣሪያም እንዲሁ። ትክክል ነው። አንባቢ ሊያውቀው የማይችለው መርዝ ማጭበርበር ነው።

ክሪስቲ በ1920 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን፣ «ዘ ሚስቲሪየስ አፌር አት ስታይልስ»ን፣ የመሠረተችው በማንኛውም የቅመማ ተማሪ ማስተማሪያ ውስጥ በሚገኝ እውነት ላይ ነበር። (መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ይህን አንቀጽ ይለፈው።) በዚያ ዘመን ስትሪክኒን የሚባለው ብርቱ መርዝ በጥቂቱ በማበርቻ ሽሮፖች ውስጥ ይገባ ነበር። ብሮማይድ የሚባለው ማስተኛ መድኃኒት ሲጨመርበት ግን ሟሙቶ የነበረው ስትሪክኒን ወደ ጠርሙሱ ወለል ይዘቅጣል። ሰውዬው ከላይ ከላይ ሲወስድ ይቆያል፣ መርዙ ሁሉ የመጨረሻው ማንኪያ ላይ ይጠራቀማል። መድኃኒት ጠርሙስ ላይ «በደንብ ይናጥ» ተብሎ የሚጻፍበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ፍንጩን ሊይዘው ይችል ነበር። ገዳዩ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ መገኘት አላስፈለገውም፤ የታሪኩ ሰዓት አቆጣጠር ሁሉ በዚህ ዝቃጭ ላይ ተሠርቷል። የፋርማሲ ባለሙያዎች መጽሔት መጽሐፉን አንብቦ ማመስገኑ ክሪስቲን ለዘለቄታው ያስደሰታት ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ድረስ እንደሚሄድ የታየው በ1977 ነው። ከቀጠር አንዲት የ19 ወር ሕፃን በጠና ታማ ለንደን ወደሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል መጣች። ሕመሟ ምን እንደሆነ ሐኪሞቹ አልደረሱበትም። አልጋዋ አጠገብ ተረኛ የነበረች ነርስ «ዘ ፔል ሆርስ»ን እያነበበች ነበር፤ የሕፃኗ ፀጉር መርገፍና ሌሎቹ ምልክቶች በመጽሐፉ ውስጥ ካነበበችው፣ ታሊየም በሚባል መርዛማ ብረት ከመመረዝ ጋር ገጠሙላት። ይህንን ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው። እነሱም ከነርስ መጣ፣ ከልብ ወለድ መጣ ብለው አልናቁትም፣ አስመረመሩት፤ ታሊየም ሆኖ ተገኘ። ምንጩ ቤተሰቡ ለበረሮና ለአይጥ ማጥፊያ ይጠቀምበት የነበረ መርዝ ነው። ሕፃኗ ታክማ ዳነች። ሐኪሞቹ ጉዳዩን በሕክምና መጽሔት ሲያወጡ ከዓመት በፊት ያረፈችውን ደራሲ አመስግነዋል። ነርሷ ያደረገችው የመንደር መርማሪ የሚያደርገውን ነው፤ ከአልጋው አልራቀችም፣ አየች፣ ያየችውን ሊያስመረምር ወደሚችል ሰው አደረሰች።

ታሊየም ለሐኪምም ለጸሐፊም አስቸጋሪ የሚሆነው ሰውነት ከፖታሲየም ጋር ስለሚያሳስተው ነው። ጨዎቹ ጣዕምም ሽታም የላቸውም። መጀመሪያ የሆድ ሕመም ይመስላል፣ ቀጥሎ እግርና እጅ መቆጥቆጥና ማቃጠል ይመጣል፣ ፀጉሩ መርገፍ የሚጀምረው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። መድኃኒቱ ፕሩሺያን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው፤ አንጀት ውስጥ ታሊየሙን ይዞት መልሶ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። እንግዲህ በዚህ መርዝ ላይ የሚቆም ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ቀን መቁጠሪያ ይዘርጋ። መርዙ የተሰጠበትን ቀን ይጻፍ፣ ሦስት ሳምንት ወደፊት ይቁጠር፣ ትራሱ ላይ ፀጉር የሚገኝበትን ምዕራፍ እዚያ ያኑረው። በመካከሉ ያሉት ሳምንታት የመንደሩ ናቸው፤ ሠርጉ፣ ገበያው፣ የጠያቂው መመላለስ፣ ሾርባ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት። ገዳዩም ከእነዚህ ጠያቂዎች አንዱ ስለሚሆን፣ ማን በየትኛው ቀን ምን ይዞ እንደመጣ በረቂቁ ዳር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ረቂቁ ሲያልቅም አንድ ፋርማሲስት ያንብበው፣ ቀኖቹን ከጸሐፊው ማስታወሻ ሳይሆን ከባዶ ያስላቸው።