ሐይቅን ያጣው ድረ ገጽ

ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

የኢንተርኔት መጽሔታችንን ድረ ገጽ አድሰን የጨረስንበት ሳምንት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የተከራከርነው ስለ ፊት ገጹ ነው። የሚንሸራተቱት ፎቶዎች ስንት ይሁኑ፣ ቀለሙ ምን ይሁን። የመፈለጊያውን ሳጥን ነገር አንዴ አነሳሁ። "እሱ ይሠራል፣ አትነካካው" ተባልኩ። ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ደሴ ፒያሳ ካለው ቢሯችን መጡ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያወጣነውን ጽሑፍ ለልጅ ልጃቸው ሊያሳዩ ፈልገው አጥተውታል።

"ጋሼ፣ እስኪ እዚሁ ይሞክሩት" ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ስልካቸውን አውጥተው በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ "ሀይቅ" ብለው ጻፉ። በሃሌታው ሀ። "ምንም አልተገኘም" አለ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ደሴ ተቀምጣችሁ ሐይቅን አታውቁትም?"

ሐይቅ እኮ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ጽሑፉም አለ፣ ግን የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ለማሽኑ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው።

"በሐመሩ ሐ ይጻፉት" ልላቸው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ፊደል ላርም? ደግሞስ ጥፋቱ የማን ሆነና! ጽሑፉን ራሴ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ፊቴ ግን ነድዶ ነበር።

ማታውኑ ከፕሮግራመራችን ጋር ተቀመጥን። አንባቢ የሚጽፈውንም፣ እኛ የጻፍነውንም ከፍለጋው በፊት ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሃ፣ ሓ፣ ኃም እንደዚሁ። አርታኢያችን ሰምታ ደነገጠች። "ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ ሊሆኑብኝ ነው? ፀሐይ ወጣች ለማለት ሌባ ናት ልንል?" እውነቷን ነው። ግን የምንነካው ከጀርባ ያለውን የመፈለጊያ ማውጫ ብቻ ነው፤ የሚነበበው ጽሑፍ አንዲት ፊደል አይለወጥም። ይህን ስታይ ተረጋጋች። ሥራው ሁለት ማታ አልፈጀም።

ከዚያ ነው መዝገቡን የከፈትኩት። ለካ ሲስተሙ ተፈልጎ የታጣውን ቃል ሁሉ ይይዝ ኖሯል። አንዳችንም ከፍተነው አናውቅም። "ሀይቅ" አለ፣ ደጋግሞ። "ሃይቅ" አለ። "አጼ" አለ፣ እኛ "ዐፄ" ብለን የጻፍነው። ከታች እስከ ላይ አነበብኩት። መምህሩስ ደረጃ ወጥተው መጥተው ነገሩን። እነዚያ ሁሉ ግን ቤታችንን አንኳኩተው፣ ሰው የለም ብለው ነው የሄዱት።