ኮምቦልቻ ብረት ናት፦ ፊሽንና ፊውዥንን ያስተማርሁበት መንገድ
ፊሽንና ፊውዥንን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማስተማር የሚሰናዳ አዲስ መምህር ካለ ይህን ያንብብልኝ፤ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቀላል ነበር። ፊሽን መሰንጠቅ ነው፦ የዩራኒየም 235 አስኳል (የአቶሙ እምብርት) ኒውትሮን የሚባለውን ቅንጣት ሲውጥ ይናጋና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሁለት ሦስት ኒውትሮኖች ይረጫል፤ እነርሱም ጎረቤቶቹን ይሰነጥቃሉ። ፊውዥን መዋሃድ ነው፦ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የሚባሉት ሁለት የሃይድሮጂን ዓይነቶች ገጥመው ሂሊየምና አንድ ኒውትሮን ይወጣቸዋል። የትምህርት ዕቅዱ እንዳዘዘው በሠንጠረዥ ጻፍሁት።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሲሰነጠቅም ሲዋሃድም ጉልበት ይወጣል ካሉን፣ የሰነጠቅነውን መልሰን እያጋጠምን ለዘላለም መብራት ለምን አናበራም?»

ጠመኔ እንደያዝሁ ቀረሁ። ዕለቱ የክፍል ምልከታ ነበርና ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ታቅፎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። «ነገ እመልስልሻለሁ» ማለት ማንን ገደለ? እኔ ግን «ሳይንቲስቶች እየሠሩበት ነው» አልሁ። ውሸት ነው፤ ሊሠራ አይችልም። ሱፐርቫይዘሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ቅጹ ላይ የጻፈብኝ ነቀፌታ ሠንጠረዡ በማስመሪያ አልተሠመረም የሚል ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ያበግነኛል። በራሴ ግን የባሰ እበግናለሁ፤ ልጅቷ ያልሁትን ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ እያየሁ ዝም አልሁ።

መልሱ የመጣልኝ ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እምብዛም ሳይነካ ጥምዝማዙን በፍሬን ብቻ ወረደው። ማታ ያው ሞተር እያቃሰተ ወጣው።

ሰኞ ሠንጠረዡን ትቼ ሸለቆ ሣልሁ። ከታች ኮምቦልቻ፣ ብረት ናት፤ የብረት አስኳል እጅግ አጥብቀው ከተያያዙት አንዱ ነው። ከላይ ደሴ፣ ዩራኒየም፤ ተሰንጥቃ ትወርዳለች። ከማዶ፣ በባቲ መንገድ አናት ላይ፣ ሃይድሮጂን፤ ተዋህዶ ይወርዳል። ጉልበቱ የቁልቁለቱ ነው። የተሰነጠቀን ዩራኒየም መልሶ መግጠም ማታ ደሴ መውጣት ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ይከፍላሉ።

መጽሐፍ የሚያሳስትበት ሌላም ቦታ አለ። አንድ ፊሽን 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ፣ አንዱ ፊውዥን 17.6 ሚሊዮን ሲሰጥ ተማሪ ፊሽን በለጠ ይላል። በአስኳሎቹ ውስጥ ላሉት ቅንጣቶች፣ ለ236 (የዩራኒየሙ 235 ከዋጠው ኒውትሮን ጋር) እና ለ5፣ አካፍሏቸው፦ 0.85 እና 3.5። ፊውዥን በአራት እጥፍ ይበልጣል። ግን አስኳሎቹ ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ ለማገናኘት ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈለጋል። ለዚህ ነው የፊሽን ጣቢያ ከ1954 ጀምሮ መብራት ሲሰጥ የፊውዥኑ እስካሁን በሙከራ ላይ ያለው።

ስለዚህ ዕቅዱ ምንም ይበል፣ ከብረት ጀምሩ፤ ሠንጠረዡ መጨረሻ ይምጣ።

ልጅቷ ቀይ እስክሪብቶ ተበድራ የዚያን ቀኑን መስመር ሰረዘችው። እፎይ ልል ስል አንድ የሐርቡ ልጅ ተነሣ፦ «መምህር፣ ሐርቡ እኮ ከኮምቦልቻም ዝቅ ትላለች።» አሁን ሸለቆውን ስሥል ከኮምቦልቻ በታች ያለውን መንገድ አልሥለውም።