የቦራ ጀርባና አሮጌው ኮርቻ

ፈረሴን ቦራን ያስገጠብኩት እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ጀርባው የተገጠበ እንስሳ ሲታይ ጥፋቱ በመንገዱ ርዝመት ወይም በጭነቱ ክብደት ሲሳበብ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። የቦራ ቁስል የመጣው ከኮርቻው ቅርጽ ነበር፤ ያስተካከልነውም አዲስ ኮርቻ ለመግዛት አቅም ሳይኖረኝ ነው።

ቦራን ወደ ባሕር ዳር ያመጣሁት ከሦስት ዓመት በፊት ከእንጅባራ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየበትና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉ የሚከበርበት አገር እንደ መሆኑ፣ እዚያ የፈረስም የኮርቻም ምርጫ ሰፊ ነው። ይሁንና እኔ ገበያ ላይ ያገኘኋቸው ኮርቻዎች ሁሉ የተሠሩት ጀርባቸው ክብና ሙሉ ለሆነ ፈረሶች ነበር። ቦራ እንደዚያ አይደለም። ጋማው በሚያልቅበት ቦታ የትከሻው ከፍታ ጎልቶ ይወጣል፣ ከዚያ ከፍታ ግራና ቀኝ ሥጋው ጎድጎድ ይላል፣ ወገቡም መካከሉ ላይ ዝቅ ያለ ነው። የገዛሁለት ያገለገለ ኮርቻ ከአከርካሪው በላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስለነበረው፣ ልኩ ነው ብዬ አመንኩ።

ችግሩን መጀመሪያ የነገረኝ ራሱ ቦራ ነበር። ኮርቻውን ስጭንበት ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አስተኝቶ እጅጌዬን ለመንከስ ይዞር ነበር፤ እኔም ነገሩን ለጠባዩ ሰጠሁት። አንድ ቀን ከመሸንቲ ተመልሼ ኮርቻውን ሳወርድ፣ ጀርባው ሁሉ በላብ ርሶ፣ ከትከሻው ኋላ ግራና ቀኝ ግን መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ አየሁ። ላብ ያልነካው ቦታ ምንም ያልጎረበጠው ቦታ መስሎኝ ደስ አለኝ። እውነቱ ግን ኮርቻው እዚያ ቦታ ላይ አጥብቆ ስለሚጫን ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ቆዳውም ማላብ ያቆማል። በሳምንቱ ጠጉሩ ተመለጠ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያም ቆሰለ። ዛሬ ቁስሉ ድኖ በዳማው ጠጉሩ መካከል ሁለት ነጭ ምልክቶች ቀርተውበታል፤ ለጠጉሩ ቀለም የሚሰጠው ሥር አንዴ ከተጎዳ በኋላ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ማለስለስ ነው ብዬ በመጀመሪያ ከኮርቻው ሥር ብርድ ልብስ አጥፌ ደረብኩ። ይህ ሳይበቃኝ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቀላልና ለስላሳ ነው ያለኝን ሰው ሰምቼ የደረቀ ደንገል በጨርቅ ሰፍቼ ጨመርኩበት። ደንገሉ ላቡን መጥጦ በሁለት ጉዞ ውስጥ ተጨፍልቆ ጓጎለ። ብርድ ልብሱም የባሰውን አመጣ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን ኮርቻውን ተሸክሜ ቅዳሜ ገበያ ካገኘኋቸው አንድ አዛውንት ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ፈረሱን ይዤ ስቀርብ ነው።

«እጅህን አግባ ልጄ» አሉኝና መዳፌን ከትከሻው ኋላ ከሳንቃው ሥር አስገብተው የሆዱን ጠፍር ሳብ አደረጉት። እጄን ማውጣት አቃተኝ። ቀጥለው «አሁን ደግሞ ወደ መካከል» አሉኝ፤ እዚያ እጄ እንዳሻው ወጣ ገባ። የኮርቻው የጎን ሳንቃዎች ቀጥ ያሉ፣ የቦራ ጀርባ ደግሞ ጎድጓዳ በመሆኑ፣ ሙሉ ክብደቴ ያረፈው እንደ ድልድይ ከፊትና ከኋላ በአራት ነጥቦች ላይ ብቻ ነበር። ብርድ ልብሱን ስደርብ ደግሞ ቀድሞም የጠበበውን ፊቱን ይበልጥ አጠብበው ነበር።

አዛውንቱ ሳይለኩ እንጨት መንካት አልወደዱም። ወፍራም የመብራት ሽቦ አምጥቼ በጀርባው ላይ በሦስት ቦታ አጎበጥነው፦ ከትከሻው ሰፊ አጥንት ኋላ፣ በመካከሉና በመጨረሻው የጎድን አጥንት አጠገብ። ሽቦውን ቅርጹ ሳይበላሽ ካርቶን ላይ አስቀምጠን በእርሳስ ስንከተለው፣ የግራ ትከሻው ከቀኙ እንደሚወፍር ታየ፤ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ኮርቻው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ማለፍ እንደሌለበት የነገሩኝም ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወገቡን የሚደግፍ የጎድን አጥንት የለም።

የደረቀው ጥሬ ቆዳ ማሰሪያ ረጥቦ እንዲለሰልስ አድርገው ፈቱት፣ የፊቱን ቅስት ከፈት አደረጉት፣ የሳንቃዎቹን ውስጠኛ ገጽ ከትከሻው ኋላ በሚያርፉበት በኩል፣ የግራውን ይበልጥ፣ በመላጊያ ላጉት፤ ከዚያም በእርጥብ ጥሬ ቆዳ መልሰው አሰሩት። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን ከሚስማር የተሻለ አጥብቆ ይይዛል። የመካከሉን ጉድጓድ የሞላነው በአሮጌ ባና ነው፤ የበግ ጠጉር ላብ ቢጠጣም ቶሎ አይጓጉልም። ባናው 500 ብር፣ የእጅ ዋጋቸው 1,400 ብር ሆነ፤ ለአዲስ ኮርቻ የተጠየቅኩት ከዚህ አምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ቁስሉ ድኖ ቆዳው እስኪጠነክር ሁለት ወር ኮርቻ አልጫንኩበትም። ከዚያም ጀርባው ላይ ነጭ አቡጀዲ አንጥፌ፣ የኮርቻውን ሥር የከሰል ዱቄት ቀብቼ ጫንኩትና ጥቂት ተቀምጬበት ወረድኩ። ከሰሉ አቡጀዲው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ሰፋፊ መስመሮችን አተመ፤ አከርካሪው ያለበት መካከል ነጭ እንደሆነ ቀረ። በአንድ በኩል ጠቆር ያለ ነጥብ ስላየሁ አዛውንቱ እንደገና ላጉልኝ።

ሥራው በዚህ አላለቀም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚያበቅለው ሣር ቦራ ይወፍራል፤ ሚያዝያ ላይ ግን የጣና ዳር ሜዳ ደርቆ ትከሻው እንደገና ይሾላል። ስለዚህ ባናውን አልሰፋነውም፤ ጥቅምት ላይ አንዱን ድርብ አወጣለሁ፣ በበጋው መጨረሻ እመልሰዋለሁ። ሽቦውን በዓመት ሁለት ጊዜ አጎብጣለሁ፤ የጥቅምቱን ቅርጽ በሰማያዊ፣ የሚያዝያውን በቀይ እስክሪብቶ በዚያው ካርቶን ላይ እሥላለሁ። ቦራ አሁንም ስጭነው ይዞራል፤ እጅጌዬን አሽትቶ ግን አንገቱን ወደ ሣሩ ይመልሳል።