እናቴ፣ ላስ ቬጋስና ነጩ ቅርፊት

እናቴ ከድሬዳዋ መጥታ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ጥቂት ተኝቼ ስነሳ፣ ማንቆርቆሪያውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ውስጡን ስትመረምር አገኘኋት። በጥፍሯ ቧጠጠችውና ነጭ ቅርፊት መዳፏ ላይ አራገፈች።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ውሃ ከድሬ ነው እንዴ ያስመጣኸው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ቅርፊት ያውቀዋል። ከተማችን የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እየተሹለከለከ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመልን ድንጋይ ማንቆርቆሪያችንንም ይለስንልናል። ልጅ ሆነን ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ሲል እናቴ «ፈትግ እንጂ፣ ምን ታሻሸዋለህ» ትለኝ ነበር። አሜሪካ ስገባ ከዚህ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ላስ ቬጋስ ግን ከውሃዋ ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን የምታገኘው ሚድ ሐይቅ ላይ ከተገደበው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙ እዚህ እስኪደርስ ስንት ተራራ ልሶ ይመጣል። የያዘው ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባል ማዕድን እንደ ኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) ተቆጥሮ ሲለካ በሊትር ወደ 280 ሚሊግራም ይጠጋል። እዚህ አገር ከ180 በላይ ከሆነ «በጣም ጠንካራ ውሃ» ይሉታል። ማለስለሻ፣ ማለትም ይህን ማዕድን ከውሃ የሚያወጣ መሣሪያ፣ የሚሸጡ ሰዎች በሚወዱት መለኪያ ሲሰላ በጋሎን 16 ግሬይን መሆኑ ነው። 16 የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ።

ቤቱን ከገዛን አምስት ዓመታችን ነው። የሻወሩ ራስ ግማሹ ቀዳዳ ተደፍኖ ውሃውን ወደ ጎን፣ ወደ መጋረጃው ይረጫል። ብርጭቆው ቢታጠብም ጢስ የነካው ይመስላል። ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት ጋራዥ ውስጥ ያለውን የውሃ ማሞቂያ ነው። በሞቀ ቁጥር ፈንዲሻ እንደሚፈነዳበት ምጣድ ይንጣጣ ጀመር። እናቴ ድምፁን ስትሰማ «ቡና ሳይፈላ ፈንዲሻ?» ብላ ሳቀችብኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ የበርሜሉን ግርጌ ሲከፍተው ጠጠር የመሰለ ነጭ ስብርባሪ በጎማው እየተንኮሻኮሸ ወጣ። ሰውየው «የማለስለሻ ጉዳይ ነው፤ ካልሆነ በየጥቂት ዓመቱ ማሞቂያ ትገዛለህ» ብሎኝ ሄደ።

ሻጭ ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ራሱ መጥቶ ደወለ። ነፃ ምርመራ አለ። ከቧንቧችን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ሳሙና ጠብ አደረገና ናጠው፤ አረፋ የለም፤ ውሃው እንደ እርጎ አጓት ደፈረሰ። ከራሱ ጠርሙስ ያመጣውን ሲንጠው አረፋው እስከ አንገቱ ሞላ። ልጆቼ አጨበጨቡ። ምርመራው ውሸት አልነበረበትም፤ የትኛውም ጠንካራ ውሃ እንዲሁ ያደርጋል። የሚያስደነግጠው ከምርመራው በኋላ የመጣው ወረቀት ነበር፤ ከ6,000 ዶላር በላይ፣ በየወሩ የሚከፈል፣ ዋጋው የሚጸናው ዛሬ ከፈረሙ ብቻ። እናቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችለት በአማርኛ ጠየቀችኝ፦ «ውሃ ነው ወይስ ቤት ነው የሚሸጠው?»

አልፈረምኩም። የዚያን ሳምንት ታክሲ ማቆሚያ ላይ ተራ ስጠብቅ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርኩ።

መሣሪያው ያን ያህል ምስጢር የለውም። ረጅም በርሜል ውስጥ ሬዚን የሚባል የጎመን ዘር የሚያክል ቢጫ ፍሬ ሞልቷል። ፍሬዎቹ ሶዲየም ተሸክመዋል። ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይሰጡታል። ሲጠግቡ ከጎኑ ካለው የጨው ገንዳ ብርቱ የጨው ውሃ ይመጣና ያጥባቸዋል፤ የያዙትን ይለቃሉ፣ ሶዲየማቸውን መልሰው ይጭናሉ፣ እድፉ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ጨው የማይፈልግ ነው ተብሎ የሚሸጥም አለ። እርሱ ካልሲየሙን ከውሃው አያወጣውም፤ ቢበዛ እንዳይለጠፍ ያደርገዋል። ቧንቧ ላይ ስለሚታሰር ማግኔት ለጠየቀኝ ጓደኛዬ ደግሞ ገንዘቡን ለልጆቹ ጫማ እንዲያደርገው ነግሬዋለሁ።

መጠኑን ለመምረጥ ደብተር ይበቃል። እኛ አምስት ነን። አንድ ሰው በቀን 75 ጋሎን ይጠቀማል ብዬ ያዝኩ፤ 375 ጋሎን። በ16 ሲባዛ በቀን 6,000 ግሬይን ይመጣል። ገበያ ላይ ሳይታጠብ 48,000 ግሬይን ይይዛል የሚል መሣሪያ አለ። ይህ ቁጥር ግን ጨው እንደ ጉድ ሲጨመርለት የሚያገኘው ነው። በአንድ እጥበት 12 ፓውንድ ጨው ብቻ ብሰጠው 36,000 ይሠራልኛል፤ ማለት ስድስት ቀን። ባለ 40 ፓውንዱ የጨው ከረጢት ለ20 ቀን ያህል ይበቃናል። ሻጩ ይህን ስሌት አንድም ጊዜ አላነሳውም፤ እኔም የ«ዛሬ ካልፈረሙ» ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ገንዘብ አልቆጠብኩም። ርካሹ ዓይነት ውሃ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም በቀጠሮ ቀኑ ይታጠባል። የእኔ የፈሰሰውን ጋሎን ቆጥሮ ሲሞላ ብቻ የሚታጠበው ነው። አንድ እጥበት ከ50 ጋሎን በላይ ውሃ ይበላል። ደግሞም የላስ ቬጋስ ቤቶች የሚያፈሱት ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ወደዚያው ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፤ ጨው ግን በዚያ ማጣሪያ አይቀርም። በከንቱ የማፈሰው ጨው መልሶ ማንቆርቆሪያዬን ይጎበኛል ማለት ነው። ውሃችን ክሎሪን ስላለበትም እርሱን የሚችለውን ጠንከር ያለ ሬዚን መረጥኩ። ሁሉም ተደምሮ 850 ዶላር ሆነ።

የሚገጠምበት ቦታ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነበር። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የወጣ፣ ወደ ታች ተቆልምሞ የሚመለስ የመዳብ ቧንቧ አለ፤ ከአጠገቡ የፍሳሽ ጉድጓድና የኤሌክትሪክ ሶኬት። ለአምስት ዓመት ጃንጥላ ሰቅዬበታለሁ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጃንጥላ ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ የባለቤቴ ነው፣ ለፀሐይ።

ሥራውን ከአንድ የታክሲ ባልደረባዬ ጋር ያዝነው። አዲስ አበባ እያለ የቧንቧ ሥራ ሠርቷል። ዋናውን ውሃ ዘጋን፣ የታቆረውን አፈሰስን፣ የተቆለመመውን ቧንቧ ቆረጥነው። አሁን ሁለት አፍ አለን፤ አንዱ ከመንገድ የሚመጣው፣ ሌላው ወደ ቤት የሚገባው። የትኛው የትኛው ነው? እርሱ በቀኝ ነው አለ፤ እኔም በቀኝ ነው አልኩ። ሁለት ሰው መስማማቱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ባልዲ ደቅኖ ዋናውን መዝጊያ ለአፍታ ገርበብ ማድረግ በቂ ነበር፤ ውሃ የሚመጣበት አፍ ራሱ ይናገራል። የመሣሪያው ራስ ላይ የመግቢያና የመውጫ ቀስት በግልጽ ተስሏል፤ ቀስቱን አክብረን ቧንቧውን ተሳስተን ገጠምነው።

በማግስቱ ማታ ልጄ ከመታጠቢያ ገንዳ ተጣራች። «አባዬ፣ የዓሣ እንቁላል!» ሄጄ አየሁ። ቢጫ፣ የሚያንጸባርቁ፣ ድቡልቡል ፍሬዎች ገንዳው ግርጌ ላይ ይንከባለላሉ። ውሃው በተገላቢጦሽ ገብቶ ሬዚኑን ወደ ላይ እየገፋ ወደ ቤት እየጫነው ነበር። እሑዴ በዚህ አለቀ። ሁለቱን ቧንቧዎች አቀያየርን፤ የየቧንቧውን ጫፍ ወንፊት አንድ በአንድ ፈትቼ አጠብኩ፤ የልብስ ማጠቢያውን ጎማ ፈታሁ፤ የሽንት ቤቱን ገንዳ ሳይቀር ጠራረግኩ። ባልደረባዬ እየሠራ ዝም አለ፤ ስንጨርስ «ለነገሩ ግራ ነው ብዬ አስቤ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ስህተት መካከል አንድ ነገር በትክክል አድርገናል። የፍሳሹን ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ አልነከርነውም፤ ከአፉ በላይ አየር እንዲያልፍበት ክፍተት ትተን አሰርነው። ካልሆነ የፍሳሽ ውሃ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። መሣሪያዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚታጠቡት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሆን ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል ተብሎ። በእጥበቱ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ያልለሰለሰው ውሃ ነው። እኔ ደግሞ ከሥራ ገብቼ የምታጠበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ከተማ ሌሊት የምናንቀሳቅሰውን ሰዎች ማን አሰበን! ወደ 11 ሰዓት ገፋሁት።

ለስላሳው ውሃ ሲመጣ እናቴ ከሻወር ተቆጥታ ወጣች። «ሳሙናው አልለቅ አለኝ፣ ሰውነቴ ተሙለጨለጨ።» ሳሙናው ለቋል። በጠንካራ ውሃ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ቆዳ ላይ የሚቀር ዝቃጭ ይሠራል፤ ዕድሜ ልካችንን «ንጹሕ» ብለን የለመድነው ያን የሚከረክር ቆዳ ነው። ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ያመነችኝ ሽምብራ ቀቅላ ነው። በጠንካራ ውሃ ካልሲየሙ የጥራጥሬውን ልጣጭ ያጠነክረዋል። በለስላሳው ከለመደችው ሰዓት እጅግ ቀድሞ በሰለላት፤ አንዷን ፍሬ በጣቶቿ ጨፍልቃ አየችና ምንም ሳትል ባቄላ ዘፈዘፈች።

ቡናው ግን አልሆነም። ደም ግፊት ስላለባት ሐኪም ጨው ቀንሺ ብሏታልና ሶዲየሙን አሰላሁት፤ በሊትር 130 ሚሊግራም ያህል ይጨምራል፤ በአንድ ብርጭቆ ከ30 ትንሽ በላይ። አንድ ቁራጭ የመደብር ዳቦ ከዚህ ይበልጣል። ቢሆንም ለመጠጥ ብዬ ከኩሽናው ማጠቢያ ሥር ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ አስገባሁ፤ ሶዲየሙንም የቀረውንም ያስቀራል። እናቴ በዚያ ውሃ አፈላች። ቀመሰችና ስኒውን አስቀመጠች። «አቦ፣ ይህ ውሃ ባዶ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ከቡናው ጣዕም አውጥቶ የሚያመጣው አንዱ ነገር ያ ያስወጣሁት ማዕድን ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ጓሮ ስትሄድ አየኋት፤ ጃርሎ ይዛለች። የጓሮው ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት የተቀጠለ ነው፤ ለአትክልት ሶዲየም ስለማይስማማ እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማን ነግሯት እንደሆነ አላውቅም፤ ቀምሳ ይመስለኛል ያገኘችው። አሁን በየቀኑ ሦስት የቡና ልክ ከዚያ ትቀዳለች። ባለፈው የቧንቧው አፍ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሲሠራ አይቼ በኮምጣጤ ልፈትገው ስጠጋ ከበሩ ላይ ጮኸችብኝ።

«እሱን እንዳትነካ!»