ከድንጋዩ ጋር የመጡት

ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ከባሕር የወጣ ድንጋይ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ብቅ ማለቱ አይቀርም። ማንም አልገዛውም፣ ማንም አልጠራውም። የድንጋዩ ቀዳዳ ሁሉ የአንድ ፍጡር ቤት ነው፤ ባለቤቱም ከነቤቱ ተጭኖ ይመጣል። የሚያንገበግበኝ እንግዳው ገና ከመታየቱ ወረንጦ መነሣቱ ነው። አብዛኞቹ የተረፈ ምግብና አልጌ የሚያጸዱ ናቸው። እውነተኛ አጥፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ለመለየት ከመልካቸው ይልቅ የሚበሉትን ማየት ይሻላል።

የሚታዩት ማታ ነው። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይና የእጅ ባትሪ በቀይ ላስቲክ ተሸፍኖ ይበራል። ብዙዎቹ ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማያዩ ሥራቸውን አያቋርጡም፤ በነጭ ብርሃን ግን የሚታየው ወደ ቀዳዳ የሚገባ ጭራ ብቻ ነው። ለመጠን ማነጻጸሪያ ሳንቲም ከመስተዋቱ ላይ ተይዞ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ስንት እግር አለው? ሲነካ ይሰበሰባል ወይስ ይሸሻል? በነጋታው እዚያው አለ? አጠገቡ ያለው ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ቆስሏል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሆኖም በሞተ ኮራል ላይ የተገኘ ትል ሁሉ ገዳይ አይደለም። ጥንብ አንሣ ሬሳ ላይ ስለተገኘ ገደለ አይባልም።

ሸርጣን ከተገኘ መጀመሪያ የመቆንጠጫው ጫፍ ይታይ። እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ከሆነ አልጌ የሚፍቅበት ነው፤ አረንጓዴው ኤመራልድ ሸርጣን እንዲህ ነው። ጫፉ ጥቁርና ሹል፣ ገላው ደግሞ ፀጉራም ከሆነ ግን ቀንድ አውጣ የሚሰብር፣ ኮራል የሚቦጭቅ፣ የተኛ ዓሣም የሚይዝ ስለሆነ ሳያድግ ይውጣ። ለማጥመድ ለስላሳ የመስተዋት ብርጭቆ ውስጥ የሽሪምፕ ቁራጭ ይቀመጥና ማታ ድንጋዩ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይደገፋል። በድንጋዩ በኩል ወርዶ ይገባል፤ መስተዋቱ ስለሚያንሸራትተው መውጣት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ሸርጣን አለ። ፖሲሎፖራ በሚባለው ኮራል ቅርንጫፎች መሀል፣ ገላው ልሙጥና የሚያብረቀርቅ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ትራፔዚያ ይኖራል። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በብዙ የኮራል ክምሮች (ሪፎች) ላይ ይገኛል። እሾሃማው ኮራል በል ኮከብ ዓሣ ሲመጣ እግሮቹን እየቆነጠጠ ያባርራል፤ ኮራሉ ላይ የሚወድቀውን ደቃቅ አሸዋም ይጠርጋል። ኮራሉ በምላሹ ንፍጡን ይመግበዋል። ይህን ሸርጣን ነቅሎ መጣል የቤት ዘበኛን ማባረር ነው፤ ቢያንስ ፀጉር እንዳለውና እንደሌለው ሳይታይ እጅ አይነሣ።

ማታ ከገንዳው ውስጥ መስተዋት በጥፍር እንደመምታት ያለ «ጠቅ» ከተሰማ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። ፒስቶል ሽሪምፕ አንደኛው መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ ይገዝፋል፤ በኃይል ሲዘጋው የሚፈጠረው አረፋ ሲፈርስ ነው ድምፁ የሚወጣው። ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ዝርያማ ከጎቢ ዓሣ ጋር አንድ ጉድጓድ ይጋራል። ማንቲስ ሽሪምፕ ግን ሌላ ነው። ዓይኖቹ በግንድ ላይ ቆመው እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው አቅጣጫ ይዞራሉ፤ የፊት እጆቹ ደረቱ ላይ ታጥፈው ይቀመጣሉ። ከድምፁ ይልቅ የሚያጋልጠው ፍርስራሹ ነው፦ አንድ ክብ ቀዳዳ ፊት ለፊት የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከተከማቸ እዚያ ያለው እሱ ነው።

ማንቲስ ሽሪምፕን ለማውጣት ድንጋዩ ከገንዳው ወጥቶ ባልዲ ላይ ይያዝና ስኳርና ጣዕም የሌለው፣ እንደ አምቦ ያለ ጋዝ ያለው ውሃ በስሪንጅ ቀዳዳው ውስጥ ይገፋል። ጋዙን ስለማይችል ዘሎ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። ይህ ገንዳው ውስጥ እንዳለ አይደረግም፤ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ያወርዳል። ጣትም ቀዳዳው ውስጥ አይገባ፤ ምቱ ቆዳ ይሰነጥቃል።

ትሎች በከንቱ የሚወነጀሉ ናቸው። ቀጭን፣ ሮዝ ወይም ግራጫ፣ በጎንና ጎኑ ነጭ የብሩሽ ፀጉር ያለው የተለመደው ትል ከአሸዋና ከድንጋይ ሥር የበሰበሰ ምግብ ይበላል። ከበዛ የሚበዛው ምግብ ስለበዛ ነው፤ የሚቀነሰው የዓሣው ምግብ ነው። በአንዴ በመድኃኒት መግደል ሬሳቸው አሞኒያ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ዓሣውም አብሮ ይታመማል። ከካሪቢያን በመጣ ድንጋይ ላይ ግን ወፍራም፣ ነጭ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ በፀጉሩ ሥር ጥቃቅን ቀይ ቅርንጫፎች ያሉት፣ ራሱ ላይ የተሸበሸበ ሥጋ የተሸከመ ከሆነ እሳት ትል ነው፤ ኮራል ይበላል፣ ይውጣ። የሁለቱም ፀጉር ባዶ እጅ ላይ ተሰብሮ ይቀራል። በማጣበቂያ ፕላስተር ተለጥፎ ይነቀል፤ የቀረውን በኮምጣጤ ማራስ ያስታግሳል።

አይፕቴዥያን መታገሥ ግን አልመክርም። ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀጭን አንገትና ሹል ክንዶች ያሉት፣ ሲነካ በቅጽበት ወደ ቀዳዳው የሚሸሽ አኔሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ነው። መቁረጥና መፋቅ ስህተት ነው፤ ሥሩ ላይ የቀረ ቁራጭ ሌላ አኔሞን ይሆናል። የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት በጥቂት ውሃ እንደ ጥርስ ሳሙና ይለወስ፤ ፓምፑ ለ15 ደቂቃ ይጠፋ፤ በስሪንጅ ቀስ ብሎ አፉ ላይ ይፍሰስ። ከተጣደፉ ይሰበሰባል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ልውሱ ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ በትንሽ ገንዳ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት በላይ አይሠራ። በጣም ከበዛ በርጊያ የተባለው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ የሚበላው እሱን ብቻ ነው፤ ሲያልቅበት ግን በረሃብ ይሞታል፣ ስለዚህ ቀድሞ ለሚቀበለው ሰው ማሰብ ያስፈልጋል።

ክንዶቹ እኩል ያልሆኑ ትንንሽ ኮከብ ዓሦች ራሳቸውን ቆርሰው የሚባዙ አስተሪናዎች ናቸው፤ ዞአንቲድ በሚባሉት፣ አበባ በሚመስሉ የኮራል ዘመዶች ላይ ተደጋግመው ካልታዩ ይተዉ። እንደ ሸረሪት የንፍጥ ድር የሚዘረጋ ጠንካራ ቱቦ ካለ ቨርሜቲድ ነው፤ አፉ በሱፐር ግሉ ጄል ይደፈን።

አዲስ ድንጋይ በሊትር 35 ግራም ጨው ባለው፣ 25 ወይም 26 ዲግሪ በሆነ ሌላ ባልዲ ውስጥ በማሞቂያና በትንሽ ፓምፕ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢቆይ ይህ ሁሉ እዚያው ይታያል።

እንግዳ ለመግደል ተብሎ ግን ድንጋይ በፍጹም አይቀቀል፣ በፈላ ውሃም አይታጠብ። አንዳንድ ዞአንቲዶችና ዘመዶቻቸው ፓሊቶአዎች ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ በ1971 በሃዋይ ከተገኘ ፓሊቶአ ተለይቶ የወጣ ነው። እንፋሎቱ ወይም ሲፋቅ የሚረጨው ውሃ ሳንባና ዓይን ይጎዳል፤ እዚያው ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆችና ውሾችም። ከዚህ ሥራ በኋላ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሁሉም ከቤት ይውጣ፣ ወደ ሐኪም ይኬድ፣ «ፓሊቶክሲን» የሚለው ቃልም ይነገር፤ ብዙ ሐኪም ይህን መርዝ ገጥሞት አያውቅምና።